«ተቃጠልክ!» ማለት ያቆምኩ ቀን

አንደኛ ክፍል አስተምራለሁ። የልጆቹ ጣት እርሳስ እንደያዘ ይዝላል። በአንድ እግር ቁሙ ሲባሉ ግድግዳ ይፈልጋሉ። ስለዚህ የሰውነት ማጎልመሻውን ክፍለ ጊዜ ለሰኞ ማክሰኞ፣ ለገመድ ዝላይና ለቅልሞሽ ሰጠሁት። ጠመኔ፣ ገመድ፣ ጠጠር፤ ዝግጅቱ ይኸው ነው።

ጉዱ የመጣው ሰኞ ማክሰኞው ላይ ነው። 42 ልጅ፣ አንድ ሥዕል፣ ረጅም ሰልፍ። መስመር የረገጠ «ተቃጠልክ!» ይባልና ጥግ ይቀመጣል። እኛም ልጅ ሆነን እንዲሁ ነበር የተጫወትነው። ርዕሰ መምህሩ አይተው «ሥርዓት ማለት ይሄ ነው» አሉኝ። እኔም በሞኝነቴ ኮራሁ።

በሦስተኛው ሳምንት አንዲት ልጅ ጥጉ ላይ መሬት ስትጭር አየኋት።

«ለምን አትጫወችም?»

«እኔ'ኮ ሁሌ ቶሎ ነው የምቃጠለው።»

በሚቀጥለው ጊዜ ሰዓት ይዤ ተከታተልኳት። ከ40 ደቂቃው የዘለለችው 9 ሰከንድ ብቻ ነው! ሚዛኑን የሚጠብቀው ልጅ ዙር ይደጋግማል፤ ልምምዱ የሚያስፈልጋት ልጅ ትቀመጣለች። ይህን ለማየት ሦስት ሳምንት መፍጀቴ እስካሁን ያናድደኛል።

ስምንት ሥዕል ሣልኩ። በአንዱ ላይ አምስት፣ ቢበዛ ስድስት ልጅ። መቃጠል ቀረ፤ የሳተ ያንኑ ሳጥን ይደግማል። በአንድ እግር ቆሞ፣ ጎንበስ ብሎ ጠጠር ማንሳት ከዝላዩ በላይ ይከብዳል። ቁርጭምጭሚቱ ሲንቀጠቀጥ ይታያል። ስለዚህ መጀመሪያ በሁለት እግር እንዲያነሱ ፈቀድኩ። ጠጠሩ እየተንከባለለ ሲያስቸግር በአሸዋ በተሞላ ትንሽ ከረጢት ተካሁት።

ርዕሰ መምህሩ ግን «ግቢው ተዝረከረከ» ብለው ሥዕሉን አስጠረጉት። በማግስቱ ደግሜ ሣልኩ። አሁንም ያስጠርጋሉ፣ አሁንም እሥላለሁ። ለእያንዳንዱ ልጅ ነጥብ ስጪ የሚለውንም ቅጽ ባዶውን ነው የመለስኩት። የስድስት ዓመት ልጅ ለዝላይ ደረጃ ከወጣለት መዝለሉን ይተዋል።

ቅልሞሽን በአምስት ጠጠር አትጀምሩ። አንዱን ወርውሮ አንድ ማንሳት ለመጀመሪያው ሳምንት ይበቃል። የእጅ ጽሕፈትን ያስተካክላል ብላችሁም ለወላጅ ቃል አትግቡ፤ እኔ ገብቼ አፍሬያለሁ። ጣት ይፍታታል እንጂ ፊደል የሚለመደው በመጻፍ ነው።

ልጅቷ አሁን በግራ እግሯ እስከ አራተኛው ሳጥን ትደርሳለች። ቀኙ ገና ነው።