31 እና 13

ደሴ ውስጥ የንጉሥ ሚካኤል አዳራሽ አይጠየፍ የት እንደሆነ የማያውቅ ሰው ቢፈለግ አይገኝም። አንድ ሰሞን ግን ተገኝቷል፤ እኔ ነበርኩ። ያውም በመንግሥት ደመወዝ፣ አበል ተጨምሮበት።

ወቅቱ 2015 ዓ.ም. ነው። ኮሮና ያሳሳውን ጎብኚ ጦርነቱ ጨርሶ አስቀርቶት፣ ከተማው በጥቅምትና በኅዳር 2014 ዓ.ም. ያየውን አይቶ፣ ሙዚየሙ ተዘርፎ፣ ከማውቃቸው አስጎብኚዎች ገሚሶቹ ባጃጅ ይነዱ ነበር። በዚህ መሀል «ቱሪዝምን በዲጂታል ቴክኖሎጂ መልሶ ማነቃቃት» የሚል ድጋፍ ከላይ ወረደ። የአሥር ዓመቱ የልማት ዕቅድ ቱሪዝምንም ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂንም ከአምስቱ ቀዳሚ ዘርፎች ስለመደባቸው ኃላፊያችን በየስብሰባው «እኛ ሁለት ምሰሶ በአንድ ትከሻ የተሸከምን ነን» ይሉ ነበር። ትከሻው የእኔ ነው። በቱሪዝም መሥሪያ ቤታችን ከእኔ ሌላ ኮምፒውተር የሚያውቅ ባለሙያ አልነበረም።

ሥራው በወረቀት ላይ ቀላል ነው። በየቅርሱ ደጃፍ ኪውአር ኮድ ያለበት ሰሌዳ ይተከላል፤ ጎብኚው ስልኩን ሲደቅንበት ታሪኩን በድምፅ ይሰማል። ከዚያ በፊት ግን ቦታዎቹ ሁሉ ሰው በየስልኩ በሚጠቀምበት ካርታ ላይ በትክክል መቀመጥ አለባቸው። አይጠየፍ፣ ሙዚየሙ፣ ቦሩ ሜዳ፣ ሐይቅ እስጢፋኖስ፣ የውጫሌ ውል የተፈረመበት ይስማ ንጉሥ፣ ግሸን ማርያም። ባቲን እኔ ልጨምር ብዬ «በአስተዳደር የእኛ አይደለም» ተብዬ ተቆጥቻለሁ። ሰኞ ለባቲ ገበያ የሚወርድ ጎብኚ የዞን ወሰን ሲደርስ መኪናውን አዙሮ የሚመለስ ይመስላቸዋል መሰለኝ።

መለኪያ ተብለው የተገዙት ስድስት ታብሌቶች በሞዴል 19 ገቢ ሆነው ንብረት ክፍል ተቀምጠዋል። ወጪ ማድረጊያውን ሞዴል 22 የሚፈርመው የንብረት ክፍል ኃላፊ ሥልጠና ሄዷል፤ የሥልጠናው ርዕስ «ዘመናዊ የንብረት አስተዳደር» ነበር። ስለዚህ የየቦታውን የካርታ መጋጠሚያ ቁጥር በራሴ ስልክ ለካሁ፤ በማስታወሻ ደብተር ጻፍኩ።

አማካሪም ነበረን። ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻ በአውሮፕላን ይመጣል፤ ከዚያ የሐረጎን ዳገት በእኛ መኪና፣ በእኛ ነዳጅ ይወጣል። ልጅ ነው፤ ነገር ግን ዶክተር ስለሚባል ሁላችንም አንቱ እንለዋለን። እዚህ የራሴ ጽሑፍ ስለሆነ እሱ እላለሁ። ባወጣው የመስክ መርሐ ግብር ላይ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ የወንዶች ገዳም የመደባት ባለሙያ ሴት ነበረች። ሴት እንደማይገባ ስንነግረው ለአፍታ አሰብ አደረገና «ከውጭ ሆና ብትለካስ?» አለ። ቁጥሮቹን ከመጫናችን በፊት ቦታ ቦታው ላይ ሄደን እናረጋግጥ ብዬ ለምኜዋለሁ። «አያስፈልግም፤ ሲስተሙ ራሱን ያርማል» ብሎኛል። ይህን ቃለ ጉባኤ ላይ አስይዤዋለሁ። ለምን እንዳስያዝኩት ወደ ኋላ ይገባችኋል።

ቁጥሩን ኤክሴል ላይ የገለበጥኩት እኔ ነኝ። መብራት ጠፍቶ አምሽቶ፣ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት መጥቶ፣ ነገ ጠዋት ይጫን የተባለ ሥራ ነው። በአይጠየፍ ኬክሮስ (ከደቡብ ወደ ሰሜን በሚለካው ቁጥር) ከነጥቡ በኋላ ሁለተኛና ሦስተኛ ቦታ ላይ 31 መሆን የነበረበት 13 ሆነ። በዚህ የመለኪያ ዓይነት ሁለተኛው ቦታ ላይ አንድ ቁጥር ማለት አንድ ኪሎ ሜትር ከመቶ ሜትር ገደማ ነው። ሁለቱ አሃዞች ሲለዋወጡ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት አዳራሽ ከነግርማው ሁለት ኪሎ ሜትር ወደ ደቡብ ሄዶ የኮብልስቶኑ መንገድ አልቆ ጭቃው በሚጀምርበት መንደር፣ አንዲት እናት ግቢ ውስጥ ተቀመጠ።

ስድስት ሳምንት ሙሉ ማንም አልነገረኝም። ያወቅሁት ጎብኚዎች የሚጽፉትን አስተያየት ለወር ሪፖርት ስለቅም ነው። ጎብኚ ስል ለስብሰባና ለሥልጠና የመጣውን ሁሉ ማለቴ ነው። ከቤቱ ርቆ አንድ ሌሊት ያደረ ሰው ለሥራም ቢመጣ በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ቱሪስት ነው፤ እኛ ደግሞ ያንን አቆጣጠር የምንወደው በዚያ ዓመት ሌላ የሚቆጠር ሰው ስላልነበረን ነው። አይጠየፍ አምስት ኮከብ አግኝቷል። ደስ ብሎኝ ፎቶዎቹን ከፈትኩ። አዳራሽ የለም። ረከቦት አለ፣ ቄጠማ አለ፣ በረንዳ ላይ የተሰጣ በርበሬ አለ፣ አንዲት ቀይ ዶሮ በሦስት ፎቶ ላይ አለች። አንዱ «መስተንግዶው ግሩም ነው፤ አዳራሹ ግን ከጠበቅነው በጣም አነሰ» ብሏል። ሌላው «መግቢያ ክፍያ የለውም፤ ስኳር ይዛችሁ ሂዱ» ብሎ መክሯል።

ማስታወሻ ደብተሬን አወጣሁ። 31። ኤክሴሉን ከፈትኩ። 13። ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ።

በማግስቱ ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። ምን እንደምል በመንገድ ላይ ተለማምጃለሁ፦ ከየትኛው መሥሪያ ቤት እንደመጣሁ፣ የቴክኒክ ስህተት እንደተፈጠረ፣ ለደረሰው እንግልት ቅር እንዳይላቸው። የቆርቆሮውን በር ሳንኳኳ እናትየው ነጠላቸውን እያስተካከሉ ወጡና አፌን ሳልከፍት፣

«ግባ ልጄ፣ ግባ። ብቻህን ነህ? ሌሎቹ መኪና ውስጥ ናቸው?» አሉኝ።

«እናቴ፣ እኔ እንኳን…»

«ቁጭ በል መጀመሪያ። ቆሞ ነገር አለ እንዴ?»

ወሎ ውስጥ ቡና ተቀድቶ ሳይጠጣ የመሥሪያ ቤት ጉዳይ ማንሳት ነውር ነው። አቦሉን ጠጣሁ። ስለ እናቴና ስለ አባቴ፣ አገሬ ወረኢሉ ስለመሆኑ፣ ስላለማግባቴ ተጠየቅሁ። ቶናው መጣ። ላለማግባቴ ዱዓ ተደረገልኝ። በረካው ላይ ደፍሬ ስለ እንግዶቹ አነሳሁ። መጀመሪያ የመጡት እንዴት ነበር? ምን አሏቸው?

«ሦስት ሆነው መጡ» አሉ። «አንዱ ስልኩን እያየ በሩ ላይ ቆመና ‹እናቴ፣ እዚህ አይጠየፍ ነው?› አለኝ። ምን ማለት ነው ልጄ? ሰው ደጃፌ ቆሞ አይጠየፍ ነው ወይ ይለኛል! ‹ማን ሊጠየፍህ ልጄ? እዚህ ቤት ሰው አይጠየፍም፤ ግቡ› አልኩት። ገቡ።»

ሲኒውን አስቀመጥኩ።

«ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ እንደዚያው ይጠይቀኛል። ‹አይጠየፍ ነው?› ‹አይጠየፍም ግቡ።› አሁንማ ገና መኪናው ሲቆም ነው የምለው። ሰው ግን ምን ሆኗል? እንዲህ እየፈራ የሰው ቤት የሚገባው የት አገር ቢጠየፉት ነው?»

አዳራሹ ስሙን ያገኘው ክርስቲያኑና እስላሙ፣ ባለርስቱና ድሀው ሳይጠያየፍ አንድ ላይ እንዲበላበት ስለተሠራ ነው ይባላል። ይህን እኔ ራሴ በድምፅ ቀርጬ ሰሌዳው ላይ አስገብቼዋለሁ፤ ሁለት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ይፈጃል። እሳቸው በሁለት ቃል ጨርሰውታል።

ከዚያ ነገርኳቸው። ቁጥር እንደተሳሳተ፣ እንግዶቹ የሚፈልጉት የንጉሡን አዳራሽ እንደሆነ፣ የተሳሳትኩት እኔ እንደሆንኩ። (አማካሪውን ለመጥቀስ አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ቃለ ጉባኤው ትዝ አለኝ። ግን ለእሳቸው ቃለ ጉባኤ ምን ያደርጋል?) ዝም ብለው ሰሙኝ። ፍሙን በመቆስቆሻ አገላበጡት።

«እንግዳውን የምትልክልኝ አንተ ነህ ማለት ነው?»

«በስህተት ነው እናቴ።»

«እኔ አላህ ነው የሚልክልኝ ብዬ…» ብለው ተዉት። ትንሽ ቆይተው «ለመሆኑ ደመወዝ ያስቆርጥብህ ይሆን?» አሉኝ።

«አላውቅም።»

«አብሽር፤ አይቆርጡህም። በል ይቺን ጨምር።»

ስድብ ብሰማ ይሻለኝ ነበር። ወጥቼ ሄድኩ፤ በዚያው ቀን 13ን 31 አደረግሁት። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ በማላውቀው ስልክ ተደወለልኝ። ስልኬን ትቼላቸው ነበር፤ በጎረቤት ልጅ አስደውለው ነው። «ልጄ፣ ሰው ቀረብኝ፤ ያስቀየምኩት ይኖር ይሆን?» አሉ። በሰኔ ጭቃ ቢሮዬ ድረስ መጥተው ቢወቅሱኝ ይህን ያህል አይከብደኝም ነበር። ቁጥሩን አስተካክዬው ነው ብል፣ ከዚያ ወዲያ የሚመጣ እንግዳ የለም ማለት ነው። «ክረምቱ ነው እናቴ» አልኩ። መዋሸቴ ነው። ክረምቱም ግን እውነት ነበር።

የበጀት ዓመቱ ማጠቃለያ ሪፖርት ሲወጣ ገጽ ዘጠኝ ላይ «በማኅበረሰብ አቀፍ ቱሪዝም ዘርፍ የቤት ለቤት መስተንግዶ ሙከራ ተካሂዶ ከጎብኚዎች ከፍተኛ ግብረ መልስ ተገኝቷል» የሚል አየሁ። ከሥሩ ፎቶ አለ። ዶሮዋን አወቅኋት። አማካሪው በመዝጊያው ስብሰባ ላይ ይህንኑ «ከታች የመነጨ ፈጠራ» ብሎ በስላይድ አቀረበው፤ ተጨበጨበለት፣ የምስክር ወረቀትም ተሰጠው። በዚያው ሳምንት ለእኔ የደረሰኝ ደብዳቤ «በመረጃ አያያዝ ላይ ስላሳዩት የጥንቃቄ ጉድለት» የሚል የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ነው። ሁለቱንም የፈረሙት አንድ ሰው ናቸው። ማኅተሙም አንድ ነው። እንዲያውም የእኔው ላይ ጎልቶ ወጥቷል።

የእናትየው ቡና ግን አልወጣልኝም። አስተያየት የጻፈው ሰው ብቻ እንኳ ተቆጥሮ፣ ያ ሁሉ አቦል፣ ያ ሁሉ ቶና፣ ከሰሉ፣ የቡና ቁርሱ። ፕሮጀክቱ የመስተንግዶ በጀት ነበረው፤ ጥቂት ይከፈላቸው ብዬ ፋይናንስ ሄድኩ። ገንዘብ ያዡ ጥሩ ሰው ነው፤ ራሱ አዘነ። «ደረሰኝ አላቸው?» አለኝ። የላቸውም። «የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርስ?» የላቸውም። «ታዲያ ሙከራው መካሄዱን በምን አረጋግጣለሁ?» ሪፖርቱን ገጽ ዘጠኝ ላይ ገልጬ አሳየሁት። «ይሄ ሪፖርት ነው፤ ማስረጃ አይደለም» አለኝ። በሕይወቴ ከፋይናንስ ክፍል የሰማሁት ትልቁ እውነት ይህ ነው።

ስኳርና ቡና ከራሴ ገዝቼ ወሰድኩ። ከዚያ ወዲህ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ እሄዳለሁ። ለማስታረቂያ ነው እያልኩ ራሴን አታልላለሁ እንጂ ቡናው ነው የሚጠራኝ።

አንድ ሳልናገረው ያለፍኩት ነገር አለ። ግንቦት ላይ፣ ስህተቱ ገና ሳይታወቅ፣ ለከተማው የኪራይ መኪና አሽከርካሪዎች ሥልጠና ሰጥቻለሁ። ኔትወርክ አይታመንምና ካርታውን አስቀድማችሁ ስልካችሁ ላይ አውርዱ አልኳቸው። ወንበር ለወንበር እየዞርኩ አንድ በአንድ አስወረድኳቸው። ሐምሌ መጨረሻ ላይ በክልሉ የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ ለወራት ያለ መረጃ ስንቀር፣ መንገድ የሚያሳይ ካርታ የነበራቸው እነሱ ብቻ ነበሩ። በስልካቸው ላይ ያለው ግን የግንቦቱ ካርታ ነው። እኔ ያረምኩት ቁጥር ወደ እነሱ የሚደርስበት መንገድ አልነበረም።

ይህን የተረዳሁት ጥቅምት ላይ ነው፤ እናትየው በረንዳ ላይ ተቀምጬ ቶናውን ስጠብቅ። ነጭ ሚኒባስ በሩ ላይ ቆመ። አሽከርካሪው ስልኩን እንደ ጧፍ ወደ ፊት ይዞ ወረደ፤ ከኋላው መታወቂያ በአንገታቸው ያንጠለጠሉ አራት የስብሰባ ሰዎች ተከተሉት።

«አይጠየፍ ነው?» አለ።

ቀድሜያቸው ተነሳሁ። «አይደለም ወንድሜ። አይጠየፍ እዚህ አይደለም፤ ሁለት ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ ተመለሱ፣ አልፋችሁት ነው የመጣችሁት።»

ስልኩን አየ፤ እኔን አየ፤ መልሶ ስልኩን አየ። «እዚህ ነው የሚለው» አለ።

«ተሳስቶ ነው።»

«ከመንግሥት ሥልጠና ላይ ነው ያወረድኩት» አለኝ ኮስተር ብሎ። «አንተ ማን ነህ?»

መልስ ስፈልግ እናትየው ሲኒ ሊጨምሩ ወደ ውስጥ ገብተው ነበር።