ፋይል በፓወርሼል ስደረድር የያዝኩት ቅደም ተከተል

የቢሯችን የጋራ ዲስክ ጢም ብሎ ሞላ። ቦታውን የበላው የትኛው ፋይል እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ፎልደር በፎልደር እየከፈቱ መፈለግ ደግሞ ማለቂያ የለውም። ስለዚህ ትእዛዝ እየተጻፈ የሚሠራበትን የዊንዶውስ መሣሪያ፣ ፓወርሼልን፣ ከፈትኩ።

አነሳሴ ቀላል ነበር። የፎልደርን ይዘት የሚዘረዝረውን ትእዛዝ፣ ጌት-ቻይልድአይተምን፣ በሪከርስ (የውስጥ ፎልደሮችንም ጨምር) እና በፋይል (ፋይል ብቻ) አማራጮች አዘዝኩት፤ ፎልደሮቹን ትቶ በውስጣቸው ያሉትን ፋይሎች በሙሉ ሰበሰበልኝ። ያንን በፓይፕ (የአንዱን ትእዛዝ ውጤት ለቀጣዩ በሚያሳልፈው ምልክት) ለደርዳሪው ትእዛዝ ለሶርት-ኦብጀክት ሰጠሁ፣ በሌንግዝ (በፋይሉ መጠን፣ በባይት)፣ ከትልቅ ወደ ትንሽ። ከዚያ ሴሌክት-ኦብጀክት የመጀመሪያዎቹን 20 ብቻ አስቀረልኝ።

ዝርዝሩ ትክክል ቢሆንም ለንባብ አይመችም። የፎልደሩ ስም በየሁለትና ሦስት መስመሩ እንደ ርዕስ እየተደጋገመ ይገባል። ፓወርሼል ፋይሎችን ሲያሳይ በያዛቸው ፎልደር ስለሚከፍል፣ ፎልደሩ በተቀየረ ቁጥር አዲስ ርዕስ ያወጣል። የምፈልጋቸውን ዓምዶች ውጤቱን በሰንጠረዥ ለሚያሳየው ትእዛዝ፣ ለፎርማት-ቴብል፣ ለይቼ ስነግረው ርዕሶቹ ጠፉ።

የባይት ቁጥር ዓይን ስለሚያደክም መጠኑን ወደ ሜጋባይት የሚቀይር የራሴን ዓምድ ሠራሁ፤ ሌንግዝን ለ1048576 ማካፈል ነው። እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ ደርድሩ፣ ቀጥሎ አሳምሩ። «98 ሜባ» እና «1200 ሜባ» ጽሑፍ ከሆኑ በኋላ ከትልቅ ወደ ትንሽ ብትደረድሯቸው 98ቱ ከላይ ይቀመጣል፤ የሚወዳደሩት ገና በመጀመሪያው ፊደል፣ 9 ከ1 ጋር ነውና።

የፋይል ስምም እንዲሁ ነው። «ሪፖርት10» ከ«ሪፖርት2» ይቀድማል። የዊንዶውስ የፎልደር መስኮት ቁጥሩን እንደ ቁጥር አይቶ ስለሚደረድር ብዙ ሰው ፓወርሼልም እንደዚያው ያደርጋል ብሎ ይጠብቃል። እኔ ለሶርት-ኦብጀክት አጭር ስክሪፕት ሰጠሁት፤ ከስሙ ውስጥ አኃዞቹን ብቻ አውጥቶ ወደ ሙሉ ቁጥር ይቀይርና በዚያ ይደረድራል። ይህ የሚሠራው በስሙ ውስጥ ያለው ቁጥር አንድ ብቻ ሲሆን ነው።

ፎርማት-ቴብል ሁልጊዜ የመጨረሻው ትእዛዝ ይሁን። ከእሱ የሚወጣው ፋይል ሳይሆን ሰንጠረዡ እንዴት እንደሚሳል የሚናገር መመሪያ ነው። ከኋላው ኤክስፖርት-ሲኤስቪን (ውጤቱን ኤክሴል በሚከፍተው የሲኤስቪ ፋይል የሚያስቀምጠውን ትእዛዝ) ብታስከትሉ የማይነበብ ዝባዝንኬ ይሰጣችኋል። ሪፖርቱ ለሌላ ሰው የሚላክ ከሆነ ዓምዶቹን በሴሌክት-ኦብጀክት መርጣችሁ ወደ ኤክስፖርት-ሲኤስቪ እለፉ።

የእኛ ፋይሎች ብዙዎቹ በአማርኛ የተሰየሙ ናቸው። ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው ፓወርሼል 5.1 ሲኤስቪ ሲጽፍ ኢንኮዲንጉ (ፊደላቱ በፋይል ውስጥ የሚቀመጡበት ኮድ) ካልተነገረው የግዕዝ ፊደል የሌለበትን አስኪን ይጠቀማል፤ የግዕዝ ፊደሉ በሙሉ የጥያቄ ምልክት ይሆናል። ከተጻፈ በኋላ ከዚያው ሲኤስቪ ስሙን መመለስ አይቻልም። ኢንኮዲንግ ዩቲኤፍ8 የሚለውን ስጨምር ኤክሴል ስሞቹን አንድም ሳያበላሽ ከፈታቸው። በፓወርሼል 7 የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ኤክሴል ኢንኮዲንጉን እንዲለይ ዩቲኤፍ8ቦም በሉት።