«ታሪክ የለውም» የተባለው ፊልም

የምሠራው ባሕር ዳር ውስጥ፣ በአንድ አነስተኛ የቪዲዮ ስቱዲዮ ነው። ኤዲተር ነኝ። እንጀራችን ሠርግ ነው፤ ሠርግ ሲጠፋ ደግሞ የመሥሪያ ቤቶች ዘጋቢ ፊልም ይመጣል። ዘንድሮ ሐምሌ ላይ አንድ መሥሪያ ቤት ስለ ጣና ዓሣ አስጋሪዎች አጭር ፊልም አዘዘን። ጊዜው አጭር ነው። ዝናቡም ለቀረጻ አላስወጣ አለን። አለቃችን «ከድሮው ሃርድ ዲስክ ቆንጆ ቆንጆውን ልቀሙ» አሉ።

ዲስኩን ስከፍት የባልደረባችንን ፊልም አገኘሁ። እሷ ዛሬ ከኛ መካከል አንደኛዋ የካሜራ ባለሙያ ናት። ይህን ፊልም የሠራችው ግን ገና ማንም ሳይቀጥራት፣ ጥምቀትና ምርቃት ፎቶ እያነሳች ባጠራቀመችው ገንዘብ ነው። አንዴ አዳራሽ ተከራይታ አሳይታዋለች። የመጣው ሰው ጥቂት ነበር። «ምስሉ ጥሩ ነው፣ ታሪክ ግን የለውም» አሏት። ከዚያ ወዲህ ስለ ፊልሙ ትንፍሽ ብላ አታውቅም።

ቆንጆ ቆንጆውን ልለቅም ቁጭ አልኩ፤ አልሆነልኝም። እየለቀምኩ ሳይሆን እያየሁ ነበር።

አንድ አዛውንት ታንኳ ይሠራሉ። ካሜራው መሬት ላይ ዝቅ ብሎ እጃቸውን ብቻ ያያል። የደረቀውን ደንገል ይሰበስባሉ፣ በጉልበታቸው ይጫኑታል፣ ገመዱን ይስባሉ። ገመዱ ሲጠብቅ ደንገሉ ሲጥ ይላል። አልጣማቸውም። ይፈቱትና እንደገና ያስራሉ። ይህ ሁሉ አንድ ሾት ነው፤ የትም ቦታ አልተቆረጠም። የኤዲተር እጅ የሚያሳክክ ነገር ነው። ግን ብቆርጠው ኖሮ መፍታታቸውን አላይም ነበር። ከካሜራው ጀርባ የእሷ ድምፅ ይሰማል፦ «አባባ፣ ስንት ጊዜ ያገለግላል?»

«ካደረቅሽው ይቆያል ልጄ። ውኃ ላይ ካሳደርሽው ይበሰብሳል።»

ቀጥሎ አንዲት ሴት ዳር ላይ አምባዛ ስትበልት ይታያል። ሻላዎቹ ከኋላዋ ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ከዚያ አዛውንቱ ስለ ነጭ ዓሣ ይናገራሉ፤ ክረምት ሲገባ ሊራባ ወደ ጉማራና ወደ ርብ እንደሚወጣ፣ ሰዉ ደግሞ ወንዙ አፍ ላይ መረብ ዘርግቶ እንደሚጠብቀው። «እናቲቱን ከያዟት ልጆቹ ከየት ይመጣሉ?» ይላሉ። አይጮኹም። ገመዳቸውን እየገመዱ ነው የሚናገሩት።

ይህን ሳይ አኜስ ቫርዳ ትዝ አለችኝ። ቫርዳን ብዙ ሰው የሚያውቃት በኋለኞቹ ሥራዎቿ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የክብር ኦስካር የተሸለመችው ፈረንሳዊት የፊልም ዳይሬክተር ናት። የመጀመሪያ ፊልሟን «ላ ፖዋንት ኩርት»ን የቀረጸችው በ1954 ነው፤ በ26 ዓመቷ። የቴአትር ቤት ፎቶ አንሺ ነበረች። ፊልም ሠርታ ቀርቶ ብዙ ፊልም እንኳ አይታ አታውቅም። የሄደችው በጦርነቱ ጊዜ በልጅነቷ ወደኖረችባት ወደ ሰት ነው፤ የደቡብ ፈረንሳይ የወደብ ከተማ ናት። እዚያ ባለ አንድ የዓሣ አስጋሪዎች መንደር ነዋሪዎቹን ራሳቸውን ሆነው እንዲጫወቱ አደረገች። ገንዘብ ስላልነበራት ተዋንያኑና ሠራተኞቹ ደመወዝ በመቀበል ፈንታ ባለድርሻ ሆኑ። ኤዲት ያደረገላት፣ በኋላ ራሱ ታዋቂ ዳይሬክተር የሆነው አላን ሬኔ ነው። ሬኔ ፊልሙን እየቆራረጠ «ይሄ ቪስኮንቲን ያስታውሰኛል» ቢላት፣ ጣሊያናዊው ዳይሬክተር ቪስኮንቲ ማን እንደሆነ አታውቅም ነበር።

የባለሙያ ፈቃድ ስላልነበራት ፊልሙ በወጉ ወደ ሲኒማ ቤቶች ሊሰራጭ አልቻለም። በ1956 ፓሪስ ውስጥ በአንድ አነስተኛ ሲኒማ ቤት ታየ፤ በቃ። ፈረንሳውያኑ ወጣት ዳይሬክተሮች ትሩፎ በ1959፣ ጎዳር በ1960 የመጀመሪያ ረጅም ፊልማቸውን ይዘው ሲመጡ ዓለም «አዲስ ማዕበል መጣ» አለ፤ የነሱ ዓይነት አሠራር እስከ ዛሬ በዚህ ስም ይጠራል። የእሷ ከዓመታት በፊት ተሠርቶ ነበር። ይሄ ሁሌ ያበሳጨኛል። አሁን እንኳ ሲወራ «የአዲሱ ማዕበል መንገድ ጠራጊ» እየተባለ ነው፤ ፊልሙ ለሌሎች በር ለመክፈት ብቻ የተሠራ ይመስል።

ወደ ሥራችን ልመለስ። ያዘዙን ሰዎች ከባልደረባችን ፊልም አንድ ቁራጭ አዩና ወደዱት። በተለይ ዳርቻውን። ምስሉ የተቀረጸው እምቦጭ ጣና ላይ ከመታየቱ በፊት ስለሆነ ውኃው እስከ ዳር ድረስ ጥርት ብሎ ይታያል። «ይሄ ትልቅ ማስረጃ ነው፤ ሠላሳ ሰከንድ እንወስዳለን» አሉ። የቀራጭዋን ስም ማስገባት ግን አላስፈለጋቸውም፤ የስቱዲዮው ንብረት መስሏቸዋል።

«ይሄ የስቱዲዮው አይደለም ጋሼ፣ የእሷ ነው» አልኩ ለአለቃችን፣ እዚያው በፊታቸው። ደስ አላላቸውም። እሷም ጎተት አድርጋኝ «ተወው ባክህ፣ የጀማሪ ሥራ ነው» አለችኝ።

ማስረጃ መሆኑን አልክድም። ግን ማስረጃ ስለሆነ ብቻ አይደለም ጥሩ የሆነው። አንዲት ሴት በማንም ሳትታዘዝ ወዴት እንደምታይና ስንት ደቂቃ እንደምትጠብቅ ራሷ ወስናለች። ዛሬ እጇ ተፍታቷል፣ ካሜራዋም ተሽሏል። እንደዚያ የመጠበቅ ፈቃድ ግን ከደንበኛ አግኝታ አታውቅም። ይህንኑ ለአለቃችን ነገርኳቸው። «እስኪ ሙሉውን አሳየኝ» አሉ። አይተው ሲጨርሱ ስልክ ደወሉ። ደንበኞቹም ተስማሙ፦ የታንኳው ሾት ሳይቆረጥ ይገባል፣ ስሟም ይጻፋል።

ያን ሰሞን እሷን ቁጭ አድርጌ «ላ ፖዋንት ኩርት»ን አብረን አየን። ጤና ተቆጣጣሪዎች መጥተው ዓሣ አስጋሪዎቹን የሚያስጨንቁበት ቦታ ላይ ሳቀች፤ «እኛም ጋ ያው ነው» አለች። ዝም ብላ የቆየችው ግን የመንደሩ ጠባብ መንገድ ሲታይ ነው። «የተሰጣውን ልብስ አየኸው? ንፋሱን በልብሱ አሳየችው እኮ።» ወደ ኋላ አስመለሰችኝ፣ እንደገና አየችው። እኔ ያን ፊልም ደጋግሜ አይቼ ልብሱን ልብ ብዬው አላውቅም።

በማግስቱ ከቤቷ አንድ ፌስታል ሚኒ ዲቪ፣ ማለትም ትንንሽ የድሮ ቪዲዮ ካሴት ይዛ መጣች። ዲስኩ ላይ ያለው ከቀረጸችው ጥቂቱ ነው ለካ። ካሴቱን የሚያጫውት ካሜራ ከአንድ የድሮ ሠርግ ቀራጭ ተዋስን፤ ካሜራውን ከኮምፒውተር የሚያገናኘው የፋየርዋየር ገመድ ግን አሳሩን አበላን። አሁን እየገለበጥን ነው። ሁለቱ ካሴቶች ሻግተዋል፤ የቀሩት ደህና ናቸው።

ጓደኞቼ ተጨማሪውን ምስል አስገብተን ታሪክ ያለው ፊልም እናድርገው ይላሉ። እሷ እምቢ አለች፤ እኔም ከእሷ ጋር ነኝ። የመጀመሪያው እንዳለ ይቆያል፤ ድምፁን ብቻ አጸዳዋለሁ። አዲሱ ምስል ሌላ ፊልም ይሆናል። ለማሳየት አዳራሽ አንከራይም፤ ዝናቡ ሲያባራ፣ ጥቅምት ላይ፣ የተቀረጸበት ዳርቻ ላይ ነው የምናሳየው። ፕሮጀክተሩን አለቃችን ፈቅደዋል፤ ጄኔሬተር እያፈላለግን ነው።