ስስ ሶል በኮብልስቶን ላይ

በባዶ እግር እንደመሄድ ነው የሚባልለትን ጫማ መልበስ ከጀመርኩ ሰነባበትኩ። ሶሉ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ነው። ተረከዙ ከፊቱ ከፍ አይልም፣ አፍንጫው ደግሞ ሰፊ ስለሆነ ጣቶች እንደልባቸው ይዘረጋሉ። የሰፈራችን ሊስትሮ አገላብጦ ካየው በኋላ «ሶሉ አልቋል እኮ፣ ላስቀይርልህ?» አለኝ። አዲስ ነው ብለውም አላመነኝም።

ለእግር ጉዞ ወድጄዋለሁ። አስፋልቱ መሞቁ፣ አፈሩ መርጠቡ፣ ሁሉም ይሰማል። የኛ ሰፈር ኮብልስቶን ግን ሌላ ነው! በድንጋዮቹ መሃል ያለው ክፍተት፣ ሾል ብሎ የወጣው ጠርዝ፣ ደግሞ ከየት መጣች የማትባል ጠጠር ልክ የውስጥ እግር መሃል ስትገባ «ወይኔ» ታሰኛለች። ቁልቁለት ላይ ተረከዝን ዝም ብሎ መጣል አይቻልም። እግር ራሱ ተጠንቅቆ ማረፍ ይጀምራል፣ እርምጃም ያጥራል።

ሩጫ ላይ ነው ነገሩ የሚከብደው። ወፍራም ስፖንጅ ያለው ጫማ ስናደርግ ብዙዎቻችን በተረከዝ እያረፍን ነው የምንሮጠው። በዚህኛው እንደዚያ ከሮጣችሁ ምቱ ቀጥታ አጥንት ውስጥ ይገባል፤ ስለዚህ ሳታስቡት በፊተኛው እግር ማረፍ ትጀምራላችሁ። ጉልበት ትንሽ ይቀልለዋል፣ ሸክሙ ግን የትም አልሄደም፣ ወደ ባትና ከተረከዝ በላይ ወዳለው ጅማት ዞረ እንጂ። ጃን ሜዳ ቀለል ያለች ሶምሶማ ሮጬ በማግስቱ ደረጃ የወረድኩት ብረቱን ይዤ፣ በጎኔ ነው።

ጫማዬን ያየ ሰው ሁሉ አበበ ቢቂላን ይጠራብኛል። እውነት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ 2:15:16 ገብቶ አሸንፏል። ግን ጫማ ጠልቶ አይደለም፣ የቀረበለት ጫማ ስላልተመቸው ነው፤ በባዶ እግር መሮጡንም በልምምድ ያውቀዋል። በ1964 ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ በ2:12:11 ማሸነፉን ለምን እንደማናነሳ አይገባኝም። ባለ ጣት ጫማ የሚሠራው የጣሊያኑ ቪብራም እንኳ አንዱን ሞዴል «ቢቂላ» ብሎ ሸጦታል፣ የአበበ ቤተሰብም እ.ኤ.አ. በ2015 አሜሪካ ውስጥ ከሶታል። ይኸው ኩባንያ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ጫማው እግር ያጠነክራል፣ ጉዳት ይቀንሳል ብሎ በማስተዋወቁ የቀረበበትን ክስ 3.75 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቶ ነው የዘጋው። ጥፋት አላመነም፣ ገንዘቡ ግን ወጣ።

እና ልግዛ ወይ? ለምትሉኝ፣ መጀመሪያ ቤት ውስጥ፣ ቀጥሎ ሱቅ ደርሳችሁ ለመመለስ አድርጉት። ሩጫውን ባታችሁ ከለመደው በኋላ፣ ሳር ላይ፣ በጣም በትንሹ ጀምሩ፤ የድሮውን የሩጫ ጫማችሁንም አትጣሉ፣ እኔ ረዘም ላለ ሩጫ አሁንም እሱን ነው የማደርገው። ስኳር ኖሮባችሁ እግራችሁ የሚደነዝዝ ከሆነ ግን ሐኪም ሳታማክሩ አትሞክሩት፣ ምክንያቱም ጠጠር ወይም ሚስማር ሲወጋችሁ ላይታወቃችሁ ይችላል። ለክረምትም አይሆንም። ካልሲ ድረስ ነው የሚርሰው።