ማሲንቆ ይዘን እንጦጦ

የአክስቴ ልጅ ከደሴ ሲመጣ ሻንጣ አያበዛም። ማሲንቆውን በጋቢ ጠቅልሎ፣ ትከሻው ላይ አንግቶ ነው ከአውቶቡስ የሚወርደው። ዘንድሮ ጥቅምት ላይ ሦስት ጓደኞቹን አስከትሎ መጣ። ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ፣ በሱሉልታ በኩል፣ ቅዳሜና እሁድ የሙዚቃ ድግስ ነበር። እሱ እሁድ ከሰዓት ትንሹ መድረክ ላይ ይጫወታል። ጓደኞቹ የመጡት ሊያጨበጭቡለት ነው። ያረፉት እኔ ቤት ነው፣ ሽሮ ሜዳ።

የሙዚቃ ድግስ እንግዳ የሚቸገረው ጠዋት ነው። ሙዚቃው ከሰዓት ይጀምራል፣ እኩለ ሌሊት ያልፋል። ጠዋቱ ባዶ ነው። ከሩቅ የመጣ ሰው አልጋው ላይ ተጋድሞ ስልኩን ሲነካካ ይረፍድበታል። አዘጋጆቹ ይህን አስበው ለቅዳሜ ጠዋት የእንጦጦ ጉብኝት አሰናድተው ነበር። ሐሳቡ ደስ አለኝ። አምስታችንም ከፍለን ተመዘገብን።

አውቶቡሱ ሁለት ሰዓት ላይ ይመጣል ተብሎ አራት ሰዓት ተኩል ላይ መጣ። እንጦጦ ፓርክ አውርደውን አርባ ደቂቃ ሰጡን። ፎቶ ተነሳን፣ ማኪያቶ ጠጣን፣ ተመለስን። ከጓደኞቹ አንዷ መምህርት ናት። አስጎብኚውን ልጅ «ምኒልክ የነገሡበት ቦታ የት ጋ ነው?» ብላ ጠየቀችው። «እሱ ፕሮግራሙ ውስጥ የለም» አላት። ልጁ ምን ያድርግ፣ የተባለውን ነው የሠራው። እኔ ግን በጣም ከፋኝ። ያ ቦታ እኮ ብዙ ሩቅ አልነበረም።

ፓርኩን አልነቅፍም። በ2013 ከተከፈተ ጀምሮ ብዙ ቤተሰብ ንጹሕ አየር የሚያገኝበት ቦታ ሆኗል። የእግር መንገዶቹም ያምራሉ። ግን እነዚህ እንግዶች የመጡት ከጦሳ ተራራ ሥር ነው። ደን እና ከላይ ወደ ታች የሚታይ ከተማ በየቀኑ ያያሉ። እንጦጦ ላይ ደሴ የሌለውን ነገር ነበር ማየት የነበረባቸው።

ማታ ከድግሱ ስንመለስ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ጽጌ ነው እኮ! ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባለው ወርኃ ጽጌ፣ ለእሁድ አጥቢያ ሌሊቱን ሙሉ ማኅሌተ ጽጌ ይቆማል። እንጦጦ ማርያም ደግሞ ከኛ ሰፈር ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ነው። «እንቅልፋችሁን ትሰጡኛላችሁ?» አልኳቸው። ተያዩና ሳቁ። ለመምህርቷ ጎረቤታችን ካሉት ሸማኔ ቤት ነጠላ ተዋስንላት። ሽሮ ሜዳ ላይ ነጠላ አይታጣም።

ሌሊት አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ሚኒባስ የሚነዳ የሰፈሬ ልጅ ሥራ ሊገባ ሲወጣ ጭኖን ወጣ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚባለው በከንቱ አይደለም። መንገዱ በባሕር ዛፍ መሐል እየተጠማዘዘ ይወጣል። የእንጦጦ ከፍታ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ደሴ ከዚያ ወደ 500 ሜትር ገደማ ዝቅ ትላለች። ከመኪናው ወርደን ትንሽ ስንራመድ የደጋ ልጆቹም አለከለኩ።

ከበሮውን የሰማነው ግቢው ሳንደርስ ነው።

ከአራቱ አንዱ ሙስሊም ነው። ማሲንቆውን እሱ ተቀብሎ ከቅጥሩ ውጭ ሣሩ ላይ ቀረ። ሱብሒውን እዚያው ሰገደ። እኛ ጫማችንን አውልቀን በሩ አጠገብ ቆምን። ሊቃውንቱ ግራና ቀኝ ተሰልፈዋል። በመጀመሪያ መቋሚያው ብቻ ቀስ ብሎ ይወዛወዛል። ዜማው ይረዝማል፣ ማንም አይቸኩልም። ከዚያ ጸናጽሉ ገባ። ከበሮው መጀመሪያ በስሱ መታ፣ ቆይቶ ፈጠነ፣ ቆይቶ ጭብጨባው ተጨመረበት። ሽማግሌዎቹ ሌሊቱን ሙሉ የቆሙ አይመስሉም ነበር። እግራቸው ከመሬት የሚነሳ እስኪመስል ወረቡ።

የአክስቴ ልጅ ዓይኑን ጨፍኖ በጣቱ ጭኑን እየመታ ይቆጥራል። የቅዱስ ያሬድን ሦስቱን ዜማዎች፣ ግዕዝን፣ ዕዝልን፣ አራራይን ሕፃን ሳለ ቄስ ትምህርት ቤት በጆሮው ያውቃቸዋል። «አራራይ ነው» አለኝ በሹክሹክታ። ከዚያ በኋላ አልተናገረም። ማታ ትልቁ መድረክ ላይ ስንት ድምፅ ማጉያ ተደርድሮ ሲጮህ እንዲህ ሲሆን አላየሁትም።

ስንወጣ ውጭ የቀረው ጓደኛችን ፊቱ በርቶ ጠበቀን። ሁሉንም ከውጭ ሰምቶታል። «እኛ ጋ መንዙማ ሲባል ድቤው ልክ እንዲህ ነው የሚጀምረው፣ ቀስ ብሎ» አለ። ወሎዬ ነው። እኔም ይህን ቀን ስለማስታውስ ያንን አባባሉን አብሬ አስታውሳለሁ።

ማሲንቆው ግን ተበላሽቶ ነበር። ጤዛውና ብርዱ ቆዳው ላይ አርፎ ድምፁ ረግቧል። ባለቤቱ አልደነገጠም። ፀሐይ ስትወጣ ድንጋይ ላይ ፊቱን ወደ ፀሐይ አድርጎ አስቀመጠው። ቆዳ ሲሞቅ ይመለሳል አለ። ኪሱን ሲፈትሽ ግን ደጋኑን የሚያሸው ዕጣን አልቋል። የፈረስ ጭራ ያለ ዕጣን ይንሸራተታል እንጂ አይዘፍንም። በሩ ላይ ጧፍና ዕጣን የሚሸጡ እናት ነበሩ።

«እማማ፣ ዕጣን ስንት ነው?»

«ለመቅደስ ነው ልጄ?»

«አይ እማማ፣ ለማሲንቆ ነው።»

እንግዲህ ይቆጡታል ብዬ ሰጋሁ። እሳቸው ግን ከሥር ፈለግ ፈለግ አድርገው ጠንካራ ጠንካራውን መረጡለት። «ወንድሜ ማሲንቆ መቺ ነበር» አሉ። «ለስላሳው አይሆንህም።» ገንዘቡን ከሰጣቸው በኋላ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ።

ቤተ ክርስቲያኑ ስምንት ማዕዘን ነው። ቀለሙ ጠዋት ላይ ይደምቃል። ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት እዚህ ነው። መምህርቷ ይህን ስነግራት ዞር ብላ «ታዲያ ትናንት ለምን አላመጡንም?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ቤተ መንግሥቱ አጠገቡ ነው። ቤተ መንግሥት ሲባል ትልቅ ሕንጻ የጠበቀ ሰው ይገረማል። በኖራ የተለሰነ፣ ዝቅ ያለ ቤት ነው። እቴጌ ጣይቱ ከዚህ ብርድ ሸሽተው ወደ ፍል ውሃው ወርደው ነው በ1879 አዲስ አበባ ያሏት። ያን ሌሊት እኛም ስለተንቀጠቀጥን እቴጌን በደንብ ተረዳናቸው።

ከዚያ በእግር ጀርባውን ይዘን ሄድን። ይህን ማንም ሰው እንዲያደርግ እመክራለሁ። ተራራው ላይ ሆነህ በደቡብ በኩል የሚወርደው ውሃ በቀበናና በአቃቂ አድርጎ አዋሽ ይገባል። በሰሜን በኩል የሚወርደው ወደ ሙገር ሄዶ አባይን ይቀላቀላል። አንዱ አፋር በረሃ ይቀራል፣ አንዱ ካርቱምን አልፎ ግብፅ ይደርሳል። የአክስቴ ልጅ ትንሽ አሰበና «የኛ ቦርከናም አዋሽ ነው የሚገባው» አለ። እውነቱን ነው። የሽሮ ሜዳ ዝናብና የደሴ ዝናብ አፋር ላይ ይገናኛሉ።

ዛፉ ሁሉ ባሕር ዛፍ ነው። ምኒልክ ይህን ዛፍ ከውጭ ያስመጡት፣ የማገዶ እንጨት አልቆ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስኪታሰብ ድረስ ስለተቸገሩ ነው። ከተማዋን እዚህ ያቆያት ይህ ዛፍ ነው ማለት ይቻላል። ግን ሸክሙ እስከ ዛሬ የሴቶች ነው። እሁድ ጠዋት እንኳ ሁለት እናቶች ቅጠሉንና ጭራሮውን ከራሳቸው አስበልጠው ተሸክመው፣ ወገባቸው ታጥፎ፣ ቁልቁል ሲሮጡ አገኘናቸው። ቁልቁለት ላይ ሸክሙ ይገፋቸዋል፣ መቆም አይችሉም። መንገድ ለቀቅንላቸው። መምህርቷ አለቀሰች። እንጨት መሸከሙን ትተው ሽመና የያዙ እናቶች በማኅበር ሆነው የሚሸጡት ሻርፕ አለ። እንጦጦ የሚመጣ እንግዳ መታሰቢያ መግዛት ከፈለገ ያንን ይግዛ።

ወደ ሱሉልታ በኩል ፈረስ የሚያከራዩ ልጆች ነበሩ። ፈረሶቹ ግንባራቸው ላይ ቀይ ጥጥ ተንጠልጥሎባቸዋል። ሌሎቹ ሊጋልቡ ሲደራደሩ የአክስቴ ልጅ የአንዱን ነጭ ፈረስ ጭራ በእጁ ይመዝናል። «አታስደንግጠው፣ ይራገጣል!» አለው ልጁ። ለምን እንደሚያየው ሲነግረው ግን ሳቀና ከማበጠሪያው ላይ የተሰበሰበ ጭራ አውጥቶ ሰጠው። ገንዘብ አልተቀበለም። አንድ ዜማ ብቻ አስመታው። ማሲንቆው ሞቆ ነበር። አምባሰል መታለት። ልጁ አማርኛው ብዙም አይደለም፣ እኛም ኦሮምኛችን ትንሽ ነው። ፈረሱ ግን ጆሮውን አቁሞ አዳመጠ።

ከሰዓት በትንሹ መድረክ ላይ ሲወጣ ከፊት ተቀምጠን ነበር። ጭብጨባው እስኪበርድ ጠበቀ። ከኪሱ የእማማን ዕጣን አወጣና ደጋኑን ረዥም ጊዜ አሸው። ሽታው እስከኛ መጣ።