የቡና አገር ሰው በኢስታንቡል

«የቱርክ ቡና» የሚለውን ስም ሰምቶ ኢስታንቡል የገባ ኢትዮጵያዊ ቀኑን ሙሉ ቡና ሲጠጣ የሚውል ሕዝብ ይጠብቃል። የሚያገኘው ግን ሻይ ነው። ፀጉር ቤት ተራ ሲጠብቅ ሻይ፣ የምንጣፍ ዋጋ ሲጠይቅ ሻይ፣ ጫማ ሲያሰፋ ሻይ። እኛ ጎረቤት ጠርተን ቡና ላይ የምንጨርሰውን ወሬ፣ ንግድና እርቅ እነሱ ሻይ ላይ ነው የሚጨርሱት። ቡናው አንድ ፊንጃን ብቻ ነው፤ ከምግብ በኋላ ወይም ለእንግዳ ክብር ይቀርባል፣ በዚያው ያበቃል። ቶናና በረካ የለመደ ሰው ቅር ቢለው አይፈረድበትም።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። የኦቶማኑ ታሪክ ጸሐፊ ፔቼቪ እንደሚለው የከተማዋን የመጀመሪያ ቡና መጠጫ ቤቶች በ1550ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ታህታካሌ በሚባለው የንግድ ሰፈር የከፈቱት ከሐለብና ከደማስቆ የመጡ ሁለት ሰዎች ናቸው። በ1633 ሱልጣን አራተኛው ሙራድ አዘጋቸው፤ ሰው ተሰብስቦ መንግሥት የሚያማበት ቦታ ደግሞ የትም አገር ገዥ አይወደውም። ከጊዜ በኋላ ተመልሰው ተከፈቱ። ቡናው በብዛት ይመጣ የነበረው ከየመን ነበር። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የመን ከእጅ ስትወጣ ቡና በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ዕቃ ሆነ። ሻይ ግን በጥቁር ባሕር ዳርቻ፣ ዝናብ በማይጠፋባት ሪዜ፣ አገር ውስጥ መብቀል ቻለ። በ1924 ተክሉን የሚያበረታታ ሕግ ወጣ፤ በ1947 ሪዜ ውስጥ የመጀመሪያው የሻይ ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ምንዛሪ ሲያጥር ቡና ከሱቅ እስከ መጥፋት ደረሰ፣ የዕለት መጠጡ ሻይ ሆኖ ጸና።

ሻዩ በቤት ውስጥ የሚዘጋጀው በሁለት በራድ ነው፤ ትልቁ ከታች፣ ትንሹ በላዩ ላይ ይደረባል። ታችኛው ውስጥ ውሃ ብቻ ይገባል። ላይኛው ውስጥ ደረቅ ቅጠል፤ ለአንድ ሰው አንድ ሞላ ያለ የሻይ ማንኪያ፣ በዚያ ላይ «ለበራዱ» ተብሎ አንድ ማንኪያ ይጨመራል። ውሃው እስኪፈላ ቅጠሉ ከሥር በሚመጣው ሙቀት ይሟሟቃል። ውሃው ሲንተከተክ ቅጠሉ ላይ ይገለበጣል፣ ትንሹ በራድ እስኪጋመስ። ታችኛው እንደገና ውሃ ይሞላና ይጣዳል፤ እሳቱ ይቀነሳል። ከዚያ 15 ደቂቃ ያህል መጠበቅ ነው። መድረሱን ለማወቅ ክዳኑን ከፈት ማድረግ ይበቃል፤ ቅጠሉ ገና ላይ የሚንሳፈፍ ከሆነ አልደረሰም፣ ወደ ሥር ከወረደ ደርሷል።

እኛን የሚያሳስተን ቅጠሉን ከውሃው ጋር አብሮ የማፍላት ልማዳችን ነው። እዚህ ቅጠል እሳት አይነካውም። ላይኛውን በራድ ቶሎ እንዲደርስ ብሎ ምድጃው ላይ የጣደው ሰው መራራና ጥቁር ውሃ ይጠጣል። ሁለተኛው ጠንቅ የቧንቧው ውሃ ነው፤ የክሎሪኑ ሽታ ሻዩ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ብዙ ቤተሰብ 19 ሊትር የሚይዘውን የመጠጥ ውሃ ጀሪካን በር ድረስ ያስመጣል፣ ሻዩንም በእሱ ያፈላል። ሦስተኛው ስስት ነው፤ ግማሽ ሰዓት ያለፈው ቅጠል ላይ ሙቅ ውሃ ጨምሮ ማርዘም አይሠራም፣ ቀለሙ ይጠቁራል እንጂ ጣዕሙ አይመለስም። ደፍቶ እንደገና መጀመር ነው። ቀረፋና ቅርንፉድ የሚጨምር የለም፣ ወተትም እንደዚያው።

አቀዳዱ ላይ ሁሉም ሰው የየራሱ መጠን አለው። ወገበ ቀጭኗ ብርጭቆ መጀመሪያ ከላይኛው በራድ እስከ ሩቧ ወይም እስከ ሲሶዋ ትቀዳለች፣ የቀረው ከታችኛው ሙቅ ውሃ ይሞላል። ቀጠን ያለ የሚፈልግ «አችክ»፣ ወፍራም የሚፈልግ «ዴምሊ» ይላል። ጥሩ የተባለው ሻይ ወደ ብርሃን ሲያነሡት ቀይ ነው፤ «የጥንቸል ደም» ይሉታል። ብርጭቆዋ እጀታ ስለሌላት ከአፏ ጠርዝ በሁለት ጣት ትያዛለች፤ ለዚህም ነው ከጠርዟ በታች ትንሽ ክፍት ቦታ የሚተዉላት። ስኳሩ ሁለት አንኳር ሆኖ ከጎን ይቀመጣል። በእንግድነት ቤት ስትገቡ ደግሞ አንድ ምልክት ማወቅ ያስፈልጋል፤ ብርጭቆው ባዶ በሆነ ቁጥር ይሞላል፣ የበቃው ሰው ማንኪያውን በብርጭቆው አፍ ላይ ያጋድማል። ያላጋደመ ሲጠጣ ያመሻል።

በአሮጌዎቹ የገበያ ሕንጻዎች ውስጥ ሻይ አቅራቢው በሦስት ዘንግ የተንጠለጠለ ትሪ ይዞ በሰው መሐል ሲሮጥ ይታያል። ትሪው ስለሚወዛወዝ ይደፋል ብሎ የሚሰጋ ይኖራል፤ መንጠልጠሉ ነው የሚያድነው። ነጋዴው በየብርጭቆው ገንዘብ አይከፍልም። አስቀድሞ በጅምላ የገዛት ትንሽ የፕላስቲክ ሳንቲም አለች፣ ለእያንዳንዱ ሻይ አንዷን ትሪው ላይ ይጥላል። ሻጩ ከጋበዘ ገንዘብ ማውጣት ነውር ነው፤ መጠጣቱ ግን ዕቃውን ለመግዛት አያስገድድም። ይህን የማያውቅ እንግዳ ሻይ ጠጥቶ ምንጣፍ ይገዛል።

ወደ ቡናው ስንመጣ፣ ጄዝቬ የሚባለው ማፍያ እጀታው ረጅም፣ አፉ ከሆዱ ጠበብ ያለ ትንሽ መዳብ ነው። ውሃው የሚለካው በዚያው በሚጠጣበት ፊንጃን ነው፤ ለአንድ ሰው አንድ ፊንጃን ቀዝቃዛ ውሃ፣ ወደ 7 ግራም ወይም ሁለት የሻይ ማንኪያ ቡና። ስኳሩ ከመጀመሪያው አብሮ ስለሚገባ ሲታዘዝ መናገር ግድ ነው፦ «ሳዴ» ያለ ስኳር፣ «ኦርታ» መካከለኛ፣ «ሼከርሊ» ጣፋጭ። ቀዝቃዛ እያለ ይማሰላል፣ በትንሽ እሳት ይጣዳል፣ ከዚያ በኋላ ማንኪያ አይገባበትም። በሦስት ወይም በአራት ደቂቃ አረፋው ከዳር ወደ መሐል እየተሰበሰበ ይነሣል። ያኔ አረፋው በማንኪያ ለየፊንጃኑ ይከፈላል፣ የቀረው አንድ ጊዜ ተመልሶ ሞቆ በቀስታ ይጨመራል። ተንተክትኮ ከፈላ አረፋው ይጠፋል፤ አረፋ የሌለው ቡና ለእንግዳ ማቅረብ ደግሞ ለባለቤቷ ሐፍረት ነው። እሳት ማብዛትም ውጤቱ ያው ነው።

የእኛ ጀበና አተላውን በሆዱ ያስቀራል፤ ጄዝቬ ግን ሁሉንም ይገለብጣል። ስለዚህ ቡናው እንደ ዱቄት መድቀቅ አለበት። ከአገር ቤት ሙቀጫ የወጣ ቡና በጄዝቬ ከተፈላ ፍንካቹ አይወርድም፣ ጥርስ ውስጥ ይገባል። ከተቀዳ በኋላ ሁለት ደቂቃ ያህል ታግሦ፣ አብሮ የመጣውን ውሃ አስቀድሞ ጠጥቶ፣ ከዚያ መጀመር ይሻላል። ታችኛው ሩብ አተላ ነውና ይተዋል። ሲኒ ገልብጦ ዕጣ ማየት እዚህም አለ፤ እኛም ዘንድ አዲስ ስላልሆነ አላስረዝመውም።

የተለመደው የቱርክ ቡና ፍሬው በብዛት የብራዚል ነው፣ ጣዕሙም ጠንከር ያለ። የቆየ ስም ያለው ቡና የሚቆላ ሱቅ ከፈለጋችሁ ኤሚኖኑ በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ «ምስር ቻርሽ» ከሚሉት የቅመማ ቅመም ገበያ ግድግዳ አጠገብ፣ ከ1871 ጀምሮ የሚሠራው የኩሩካህቬጂ ሜህሜት ኤፌንዲ ሱቅ አለ፤ ሽታው ቀድሞ ይመራል፣ ሰልፉ ረጅም ቢመስልም ቶሎ ይንቀሳቀሳል። ይርጋጨፌና ጉጂ ግን የሚገኙት ካድኮይና ካራኮይ በሚባሉት ሰፈሮች ባሉ አዳዲስ ቡና የሚቆሉ ሱቆች ዘንድ ነው። ስትገዙ «ለጄዝቬ» ካላላችሁ ለማጣሪያ ይፈጩላችኋል። በእኔ ግምት የእኛ ፍሬ ለጄዝቬ አይመችም፤ ቀለል ተደርጎ ስለሚቆላ ኮምጣጣነቱ ይጎላል። ለጀበና ሳይፈጭ መግዛት ነው የሚያዋጣው።

ከኤሚኖኑ ማዶ፣ ካድኮይ የሚኖር ሰው በየቀኑ ከእስያ ወደ አውሮፓ በጀልባ ይሻገራል፤ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ይወስዳል። ወደ ኤሚኖኑ ሲኬድ በግራ በኩል ውጭ መቀመጥ ነው፣ ቶፕካፕ ቤተ መንግሥትና አያ ሶፊያ በዚያ በኩል ናቸው። በቀኝ የሃይዳርፓሻ ባቡር ጣቢያ ይታያል። የጉዞ ካርዱን መግቢያው ላይ ለመሙላት መሮጥ ጀልባ ያስቀራል፤ ቀድሞ ይሞላ። «ሎዶስ» የሚባለው የደቡብ ነፋስ የበረታ ቀን ግን ጀልባው ራሱ ይቀራል፤ ያን ጊዜ በባሕሩ ሥር የሚያልፈውን የማርማራይ ባቡር መያዝ ነው።

ለጾመኛ ከተማዋ ከሚታሰበው በላይ ትመቻለች። በምሳ ሰዓት ወጡን በመስታወት ውስጥ ደርድረው በሚያሳዩት ምግብ ቤቶች «ዜይቲንያልእ» ብሎ መጠየቅ ነው፦ ፎሶልያ፣ አርቲቾክ፣ በወይን ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ፣ ሁሉም በወይራ ዘይት ተሠርቶ ቀዝቅዞ የሚበላ። የምስር ሾርባው ያሳስታል፤ ቅቤ ወይም የሥጋ መረቅ ሊኖርበት ስለሚችል ሳይጠይቁ አይጠጣም። «ቺ ኮፍቴ» ደግሞ በጥንቱ አሠራር ጥሬ ሥጋ ነበር፣ ክትፎ ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይደለም፤ ዛሬ በየጥጉ የሚሸጠው ግን ሥጋ የለበትም። ደቃቅ የስንዴ ቅንጬ ከጥቁር የኡርፋ በርበሬ ጋር ታሽቶ፣ በሰላጣ ቅጠልና በሎሚ በስስ ቂጣ ይጠቀለላል፣ እስኪወፍር የተፈላ የሮማን ጭማቂ ይፈስበታል። ለበርበሬ ለለመደ ምላስ የተለመደው ልስልስ ነው፤ «አጅሊ» ብላችሁ እዘዙ።