በጾመ ነቢያት የሸጥነው ቤት

እኛ በኖርንበት በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ ቤቱን ለመሸጥ ያሰበ ሰው ከወዳጅ ዘመዱ የሚሰማው ምክር አንድ ዓይነት ነው፤ ብርዱ ይለፍ፣ ዛፉ ያብብ፣ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ገበያው ሲሞቅ አውጣው ይሉታል። እኛ ግን ታውን ሀውሳችንን፣ ከጎረቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራውን ቤት፣ ለገበያ ያወጣነው የምስጋና ቀን ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ነበር። ጾመ ነቢያት በዚያው ሰሞን፣ እሑድ ኅዳር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ስለገባ የሽያጩ ጉዳይ ከሞላ ጎደል በጾሙ ውስጥ አለፈ። ይህን የምጽፈው በዚያ ወቅት ያሰብኩት ሳይረሳኝ ለማስቀመጥ ነው።

ለመሸጥ ምክንያት የሆነን የእማዬ ጉልበት ነው። ቤቱ ባለ ሦስት ደርብ ሆኖ መግቢያው ከታች፣ ማዕድ ቤቱና ሳሎኑ ከመካከል፣ መኝታ ክፍሎቹ ከላይ ናቸው። እማዬ ለጸሎት ወደ ክፍሏ ለመውጣት፣ ቡና ለመጠጣት ለመውረድ፣ በቀን ውስጥ የምትመላለስበት ደረጃ በየወሩ እየከበዳት ሄዶ በመጨረሻ ደረጃ በደረጃ እየተቀመጠች መውረድ ጀምራ ነበር። እዚያው ሞንጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ደረጃ የሌለው ቤት ስናገኝ፣ ሚያዝያን መጠበቅ ማለት እሷን አንድ የበረዶ ወራት ሙሉ በዚያ ደረጃ ላይ ማቆየት ሆነብን። ቤት መቼ ይሸጥ ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው ዛሬም በመጀመሪያ የምመልስለት፣ በቤቱ ውስጥ የሚኖረው ሰው መጠበቅ ይችል እንደሆነ በመጠየቅ ነው።

ስለ ገበያው የሰማነው ሥጋት መሠረት ያለው ነበር። የ30 ዓመት የቤት ብድር ወለድ እ.ኤ.አ. በ2021 መጀመሪያ ከ3 በመቶ በታች ወርዶ ነበር፤ እኛ በሸጥንበት ወቅት ግን ወደ 7 በመቶ ተጠግቶ ነበር። በርካሹ ዘመን የተበደረ ሰው ያንን ብድር ጥሎ መውጣት ይሳሳል፣ አዲሱ ገዢ ደግሞ የወር ክፍያውን እያሰላ ይፈራል። በዚያ ላይ የበዓሉ ሰሞን ሲቃረብ ሰው ለስጦታና ለጉዞ ስለሚነሣ ቤት ለማየት የሚዞረው ይቀንሳል። ነገር ግን ለሽያጭ የሚወጣውም ቤት አብሮ ይቀንሳል፤ በዚያ ብርድ ቤት ሊያይ የሚመጣ ሰውም ጥር ላይ አዲስ ሥራ የሚጀምር፣ የኪራይ ውሉ በዓመቱ መጨረሻ የሚያበቃበት፣ ወይም ልጅ ተወልዶለት አፓርታማው የጠበበው ሰው ነው። ቤቱን የምትሸጥልን ወኪላችን ይህን ከመጀመሪያው ነግራን ነበር፤ እኔም በዓይኔ ያየሁት ይኸንኑ ነው። እግረ መንገዱን ሊጎበኝ የመጣ ሰው አልገጠመንም።

በዚያ ወቅት ፀሐይ በእኛ አቆጣጠር 11 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። ከሥራ በኋላ የሚመጣ ገዢ ቤቱን የሚያየው በጨለማ ስለሆነ፣ በየክፍሉ መብራት አብርተን፣ ማሞቂያውን ከፍ አድርገን መውጣት ነበረብን። ይህ ቀላሉ ነገር ነው። ከባዱ እማዬን ማስወጣት ነበር። ገዢዎች ባለቤት ፊት በነፃነት ስለማይነጋገሩ ቤት በሚታይበት ሰዓት ሁላችንም እንድንወጣ ወኪላችን ጠየቀችን። «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ለአንድ ሰዓት ያህል ብቻ ወጣ ብለው ይቆዩልን» ስትላት እማዬ የመለሰችላት እንዲህ ብላ ነው፤ «ልጄ፣ ቤት ሊገዛ የመጣ ሰው የቤቱን ሰው ቢያይ ምን ይጎዳዋል?»

ይህ ጥያቄ ለረጅም ጊዜ አብሮኝ ኖረ። እኛ ባደግንበት አገር ቤት የሚገዛ ሰው ግድግዳውን ብቻ አያይም፤ ከባለቤቱ ጋር ይቀመጣል፣ ለምን እንደሚሸጥ ይጠይቃል፣ ስለ ጎረቤት ይሰማል፣ ከዚያ በኋላ ነው ስለ ዋጋ የሚነጋገረው። እዚህ ደግሞ ገዢ በቤቱ ውስጥ የራሱን ኑሮ ማየት እንዲችል የሻጩ ኑሮ ከፊቱ ገለል ይላል። ሁለቱም የየራሳቸው ማስተዋል አላቸው። ሆኖም አንዲት አሮጊት ጾማ በምትውልበት ቀን፣ በጋቢ ተጠቅልላ መኪና ውስጥ ተቀምጣ እንግዳ ሰው ከቤቷ እስኪወጣላት መጠበቅ የለባትም ብዬ አመንኩ። ስለዚህ የማሳያ ሰዓታችንን ወስነን አስመዘገብን። እማዬ የምትጾመው እስከ 9 ሰዓት ስለሆነ በሥራ ቀናት ያ ሰዓትና ከዚያ ቀጥሎ ያለው ጊዜ የእሷ ነው፤ ቅዳሜ ረፋዱን ባለቤቴ እህቴ ቤት ያደርሳታል፤ እሑድ ደግሞ ሁላችንም ቅዳሴ ላይ በምንሆንበት ሰዓት ቤቱ ለማንም ክፍት ነው። ሰዓት መገደብ ገዢ ያሸሻል ተብለን ነበር። በሌላ ወር ይሆን ይሆናል፤ በዚያ ሰሞን ግን ቤቱን የፈለገ ሰው በተሰጠው ሰዓት መጣ።

ስለ ሽታም መናገር አለብኝ፤ ሐበሻ ቤቱን ሲሸጥ ቀድሞ የሚነገረው ይኸው ስለሆነ ነው። በርበሬ፣ የተቁላላ ሽንኩርትና ዕጣን ምንጣፍና መጋረጃ ውስጥ ይገባሉ። ምንጣፉን አሳጠብን፣ የማዕድ ቤቱን ግድግዳ ቀለም አስቀባን፣ የበርበሬውን ማሰሮ ሳይቀር ወደ እህቴ ቤት ወሰድን። ጾሙ በዚህ በኩል ረድቶናል፤ ቅቤ አይነጠርም፣ ሥጋ አይጠበስም። ሽሮውና ምስር ወጡ እህቴ ቤት ተሠርቶ ይመጣልን ነበር። ዕጣኑን ግን እማዬ ጨርሶ እንድትተው አልጠየቅኋትም፤ ሰው በማይመጣበት ቀን ማታ ታጨሳለች፣ እኛም ጠዋት መስኮት እንከፍታለን።

ከሽታው የባሰብኝ የሥዕሎቹ ጉዳይ ነው። ከሳሎኑ ግድግዳ የቤተሰብ ፎቶግራፎችንና የልጆቹን የምረቃ ምስሎች ማውረድ የሁሉም ሻጭ ወግ ነውና አወረድን። የእመቤታችንና የቅዱስ ሚካኤል ሥዕል ግን በእማዬ ክፍል ነበሩ፤ ከፊታቸውም መጽሐፎቿና መቁጠሪያዋ አሉ። ወኪላችን በጨዋነት «ለጥቂት ሳምንት ብቻ» ብትለንም ባለቤቴና እኔ ተነጋግረን ያንን ክፍል ሳንነካው ቀረን። የጸሎቱን ቦታ በጾሙ መካከል ማፍረስ ለእኔ ከዋጋ ጋር የሚመዛዘን ነገር አልነበረም። በዚህ አገር እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው የፍትሐዊ መኖሪያ ቤት ሕግ ሻጭ ገዢውን በዘሩ፣ በቀለሙ፣ በሃይማኖቱ ወይም በመጣበት አገር እንዳይመርጥ ይከለክላል፤ እኔም ይህን ሕግ በሙሉ ልቤ እደግፈዋለሁ። ሕጉ ግን ሻጭ ሃይማኖቱን ይደብቅ አይልም። መደበቁ የገበያ ልማድ ነው፤ ልማድን ደግሞ መርምሮ መያዝም መተውም ይቻላል።

ዋጋ ካቀረቡልን መካከል አንደኛው ከማመልከቻው ጋር የቤተሰቡን ታሪክ የሚናገር ደብዳቤና ፎቶግራፍ ልኮ ነበር፤ ወኪላችን ግን ከዚሁ ሕግ ጋር ያጋጫል ብላ ሳታሳየን ዋጋውንና ውሎቹን ብቻ አቀረበችልን። ደብዳቤውን ለማንበብ እጓጓ እንደነበር አልክድም። ሆኖም ትክክል ያደረገችው እሷ ናት፤ ፎቶግራፉን ባየሁ ኖሮ ልቤ ወዴት እንደሚያዘነብል እኔም አላውቅም። የመረጥነው ዋጋዋ ጥሩ የሆነ፣ ብድሯ ቀድሞ የተረጋገጠላትና የጠየቅነውን አንድ ነገር የተቀበለች፣ በሜሪላንድ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት የምትገዛ ሴት ነበረች። በዚህ ግዛት እንዲህ ያለ ገዢ ሲኖር የግዛቱ የስም ማዛወሪያ ግብር ከ0.5 ወደ 0.25 በመቶ ይወርድና የሚከፍለው ሻጩ ይሆናል፤ እኛም ከፈልን፣ አልቆጨንም።

የቤት ምርመራው ከበጋው የተለየ መልክ አለው። ውጭው በጣም ሲቀዘቅዝ የአየር ማቀዝቀዣውን ማስነሣት ማሽኑን ሊጎዳ ስለሚችል መርማሪው ሳይፈትሸው አለፈ፤ ገዢዋ ስትጠይቅ በበጋ ያስጠገንንበትን ደረሰኝ ሰጠናት። የማሞቂያው ምድጃ ግን በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ አየችው፤ ይህን ደግሞ በግንቦት የሚገዛ ሰው በደንብ አያየውም። ሞንጎመሪ ካውንቲ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2016 ጀምሮ እንዲህ ያለ ቤት ሲሸጥ የራዶን ምርመራ እንዲደረግ ያስገድዳል። ራዶን ከመሬት የሚወጣ፣ ሽታም ቀለምም የሌለው፣ የሳንባ ካንሰር የሚያመጣ ጋዝ ነው፤ ልኩ 4 ፒኮኪዩሪ (የጨረር መለኪያ) በሊትር ከደረሰ የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እንዲስተካከል ይመክራል። ምርመራው ሲካሄድ መስኮትና በር ተዘግቶ መቆየት ስላለበት በእነዚያ ቀናት ዕጣንም፣ ሽንኩርትም፣ መስኮት መክፈትም ቀረ። በብርድ ወራት ቤት ታፍኖ ስለሚውል ልኩ ብዙውን ጊዜ ከፍ ይላል፤ ለገዢ የሚጠቅመው እውነትም ይኸኛው ነውና ውጤቱ ከ4 በታች ሆኖ ሲመጣ ለእሷም ለእኛም ደስ አለኝ።

የመጨረሻው ፊርማ፣ ሁላችንም ክሎዚንግ የምንለው፣ ሰኞ ዲሴምበር 30፣ ከታኅሣሥ ገብርኤል በኋላ በሁለተኛው ቀን ሆነ። ተበድሮ የሚገዛ ሰው የወጪውን ሙሉ ዝርዝር የያዘውን ሰነድ ከፊርማው ቢያንስ 3 የሥራ ቀን አስቀድሞ መቀበል አለበት፤ የፈረንጆቹ ገና ደግሞ ከሥራ ቀን አይቆጠርም። ባንኩ ግማሽ ሠራተኛው ፈቃድ ላይ ነበር፣ የዋጋ ገማቹም ዘግይቶ ነበር፤ በዚያ ሳምንት አንድ ወረቀት ቢጓተት ኖሮ ፊርማው ወደ ጥር ይሻገር ነበር። በበዓል ሰሞን የሚሸጥ ሰው ሊሠጋ የሚገባው ከዋጋው ይልቅ ከዚህ ይመስለኛል። እኛ ወረቀቶቻችንን ሁሉ፣ የመኖሪያ ማኅበሩን ሰነድ ጨምሮ፣ ገና ከኅዳር አዘጋጅተን ስለነበር በእኛ በኩል የቀረ አልነበረም።

ገዢዋ የተቀበለችልን አንድ ነገር ያልኩት ከፊርማ በኋላ በተከራይነት እንድንቆይ ነው። የመኖሪያ ቤት ብድር የወሰደ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በ60 ቀን ውስጥ ራሱ መግባት ስላለበት ከዚያ ያለፈ ጊዜ መጠየቅ አይቻልም፤ እኛ የጠየቅነው ጥምቀት አልፎ እስክንወጣ ድረስ ነበር። የዕለት ኪራዩ የእሷን የወር ክፍያ ለቀናት በማካፈል ተወሰነ፣ ማስያዣ ገንዘብ ተቀመጠ፣ የእኛም የቤት መድን ወደ ተከራይ መድን ተዛወረ። ይህን የጠየቅነው ከመጀመሪያው፣ ዋጋው ሲቀርብ ነው፤ በኋላ ቢሆን ኖሮ የማግኘት ዕድላችን ጠባብ ነበር። ለእኔ ከዋጋው ጭማሪ ሁሉ የበለጠው ይህ ነው፤ እማዬ የጀመረችውን ጾም በጀመረችበት ቤት ፈታችና።

ገና በዋለበት ሰሞን የሆነውን የዋሺንግተን አካባቢ ሰው ሁሉ ያስታውሰዋል። እሑድ ሌሊት የጀመረው በረዶ ሰኞ ጃንዋሪ 6 ቀን 2025 ቀኑን ሲጥል ዋለና የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ተዘጉ፤ ያ ቀን ለእኛ የገና ዋዜማ ነበር። የዶሮ ወጡን ሽንኩርት እንደ ብዙዎቻችን የማቁላላው ከኋላ በረንዳ ላይ በጋዝ ምድጃ ነው፤ በረንዳው ግን በበረዶ ተሞላ። የሰው ቤት ውስጥ ነን የሚለው ሐሳብ ከበደኝ፤ ያቺ ሴት ንጹሕ ቤት ገዝታ በርበሬ የሸተተው ቤት እንዳይጠብቃት ፈራሁ። ባለቤቴና የእህቴ ልጅ በረንዳውን ጠርገው፣ ምድጃውን አውጥተው፣ እኔም ሁለት ካፖርት ደርቤ ቁሌቱን እዚያው ውጭ ሠራሁ። ከቤቱ ፊት ያለውን የእግረኛ መንገድም በረዶው ካቆመ በ24 ሰዓት ውስጥ መጥረግ የካውንቲው ሕግ ስለሆነ፣ በውላችን መሠረት ይህም የእኛ ሥራ ነበር። መንገዱ ስለከፋ እማዬ ሌሊቱን ለቅዳሴ መሄድ አልቻለችም፤ ክፍሏ ውስጥ፣ ሥዕሎቹ ፊት፣ በስልክ የሚተላለፈውን እየተከታተለች ቆማ አነጋች። ጠዋት የመጡት እንግዶች በቅርብ የሚኖሩት ብቻ ነበሩ፤ ከመብላታችን በፊት እማዬ ስትመርቅ ቤቱን የገዛችውን ልጅ ከእኛ ልጆች ጋር ቆጥራ መረቀቻት።

ጥምቀት እሑድ ዋለ፤ በተከታዩ ቅዳሜ ዕቃችንን ጫንን። ለገዢዋ የማሞቂያውን ማጣሪያ መጠን፣ የዋናውን ውኃ መዝጊያ ቦታና በብርድ ጊዜ የሚጠነክረውን የኋላ በር አከፋፈት በወረቀት ጽፌ ማዕድ ቤቱ ላይ ትቼላት ወጣሁ። ቤቱን አይታ ከተረከበች በኋላ ማስያዣው ምንም ሳይቀነስበት ተመለሰልን፤ እማዬም በአዲሱ ቤት ከክፍሏ እስከ ቡናው ድረስ ማንንም ሳትጠራ ትመጣለች።